በዓይን የተለካ ቀሚስ

ባሌን ሰፈሩ «ዓይነ ሜትር» ይለዋል። ልብስ ሰፊ ነው፤ ሰው ግን አይለካም። ደንበኛው በር ላይ ጫማውን እየጠረገ ሳለ አንዴ ቀና ብሎ ያየዋል፣ አለቀ። ወገቡን፣ ደረቱን፣ የእጁን ርዝመት ይዞታል፤ ሰፍቶ ሲያለብሰው ዝንፍ አይልም። እኔ ከጎኑ ተቀምጬ ቁልፍ እተክላለሁ፣ እዘመዝማለሁ፣ ደንበኛ አጫውታለሁ። ማጫወቱ የኔ ድርሻ የሆነው እሱ ስለማያወራ ነው። ለምን ዝም ትላለህ ሲሉት «ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም» ብሎ መርፌው ላይ ያቀረቅራል።

እኔ ደግሞ ቀናተኛ ነኝ፣ ምን አስደበቀኝ። ቀሚስ ልታሰፋ የመጣች ሴት ፈገግ ካለችለት ክሩን በመቀስ ሳይሆን በጥርሴ ነው የምበጥሰው። እሱ ግን ምክንያት ሰጥቶኝ አያውቅም። ሴትን የሚያያት ጨርቅ እንደሚያይ ነው። ይኼ ደስ ይለኝ ነበር፤ ያንገበግበኝም ነበር፤ ምክንያቱም እኔንም የሚያየኝ እንደዚያው ነው። ከተጋባን ጀምሮ «ታምሪያለሽ» የምትል ቃል ከአፉ ወጥታ አታውቅም። ሲፈጥረው እንዲህ ነው ብዬ ተውኩት።

አንድ እሁድ ከሰዓት፣ ከተማው ሁሉ ስለሚያወራለት ፊልም ሰምቼ ካልወሰድከኝ ብዬ ያዝኩት። ታላቅ ወንድሙ የከባድ መኪና ሹፌር ስለሆነ እንደልማዱ መንገድ ላይ ነበር። ሚስቱን «እትዬ» ነው የምንላት፤ አንድ ግቢ ነው የምንኖረው፤ ልብስ መስፊያችንም እዚያው ነው። ብቻዋን ከምትውል ብዬ እሷንም ጠራኋት። እሱ መሃል፣ እኛ ግራና ቀኝ ሆነን ተቀመጥን።

ፊልሙ የድሮ ዘመን ነው። አዳራሹ በሻማ የተጥለቀለቀ፣ ፈረሱ ሳይቀር በወርቅ ያጌጠ። የንጉሡ ታናሽ ወንድም ንግሥቲቱን ይወዳታል። አይነካትም፣ አይነግራትም፣ ከምሰሶ ጀርባ ቆሞ ያያታል እንጂ። ንግሥቲቱ ደግሞ ወለል የሚጠርግ ወይን ጠጅ ቀሚስ ለብሳ ደረጃ ትወርዳለች፣ ደረጃ ትወጣለች። «እህ፣ አንዱን ቢናገርና ቢገላገል ምናለ!» ስል ከኋላዬ ያለው ሰውዬ «እሽሽ» አለኝ።

ተናድጄ ዞር ስል የባሌ ጉንጭ ረጥቧል። አባቱ የሞቱ ቀን እንኳ ዓይኑ እንባ ያላቀረረ ሰው! ከልብ ካለቀሱ እንባ አይገድም ማለት ይኼ ነው። ከዚያ በኋላ ፊልሙን አላየሁም፤ ያቺን ተዋናይት ስረግም ነው የጨረስኩት። አንገቷን፣ ወገቧን፣ አረማመዷን።

ወደ ቤት ስንሄድ «ምኗ ነው እንዲህ ያስለቀሰህ?» አልኩት።

«ቀሚሱ ጥሩ ነው» አለ።

«የልብስ ሰፊ ሚስት ሆኜ አንድ ደህና ቀሚስ የለኝም። ጥሩ ከሆነ ለኔ አትሰፋልኝም?»

እትዬ ሳቀች። «ስፋላት እንጂ፣ ምን ይዞሃል?»

መንገዱን እያየ «እሺ» አለ።

እውነትም ጀመረው። ደንበኛ ሲሳሳ ከመደርደሪያ ወይን ጠጁን ጨርቅ ያወርድና ያጎነብስበታል። እንዲህ ተጠንቅቆ ሲሰፋ አይቼው አላውቅም። «ልሞክረው?» ስለው «ለገዛ ሚስቴ ደግሞ ሙከራ!» ይላል። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ተዋናይቷን በልቤ ተሰናበትኳት፣ ደህና ሁኚ አልኳት።

ያለቀ ዕለት አጣጥፎ ሰጠኝና ክር ሊገዛ ወጣ። መጋረጃውን ዘግቼ ለበስኩት። ዚፑ ወገቤ ላይ ቀጥ አለ። ታቹ መሬት ይጎተታል። ግራ ትከሻዬ ደግሞ ወደ ላይ ተነስቷል። የትከሻውን ገበር ስዳስስ፣ በቀኝ በኩል አንድ ስስ ስፖንጅ፣ በግራ ግን ድርብ ነው። እኛ ግራውን እንዲህ የምንደርበው ግራ ትከሻው ለወደቀ ሰው ነው፣ ጉድለቱ እንዳይታይ። የኔ ትከሻ ደግሞ ምንም አልሆነ።

ዓይነ ሜትር ተሳሳተ? መጋረጃውን ከፈትኩ። ግቢው ውስጥ እትዬ ልብስ ታሰጣለች። ሸንቃጣ፣ ረጅም፣ ልጅ ሆና ከዛፍ ወድቃ ግራ ትከሻዋ ዘመም ያለ። እኛ ቤት አንድም ልብስ አሰፍታ አታውቅም፤ ባሏ ነው ከየሄደበት የተዘጋጀ የሚያመጣላት። ታዲያ ይኼ ልክ ከየት መጣ? ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእሱን መቀስ አወጣው።

«እትዬ፣ እስቲ ነይ ይቺን ልበሺልኝ። እኔ ወፍሬ አልገባ አለችኝ።»

እየሳቀች ገባች፣ ለበሰች። ዚፑ በአንድ እጅ ሽቅብ ሄደ። ታቹ ቁርጭምጭሚቷ ላይ አረፈ። ትከሻዋ ከተዋወቅን ጀምሮ ለመጀመሪያ ጊዜ እኩል ሆነ። መስታወት ውስጥ አየችው፣ በእጇ ነካችው፣ ሳቋ ጠፋ።

«ለማን ነው የሰፋው?»

«ለኔ።»

አወለቀችና ልብሷን በቅጡ ሳትቆልፍ ወጣች። ልጠላት ፈልጌ ነበር፤ ግን እሷም እንደኔው ያን ሰዓት ነው ያወቀችው፣ ፊቷን አይቻለሁ። መጥላቱም አቃተኝ፣ ቅናቱ ብቻ ቀረኝ።

እሱ ሲመጣ ቀሚሱን ገልብጬ፣ ድርቡን ስፖንጅ ወደ ላይ አድርጌ ጠረጴዛው ላይ ዘርግቼዋለሁ። አየው። ክሩን አስቀመጠ።

«የእትዬ ልክ ነው» አልኩት።

«ነክቻት አላውቅም» አለ።

«አውቃለሁ። ነክተሃት ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ጮኼ፣ ተሳድቤ፣ ጨርቄን ጠቅልዬ እሄድ ነበር። ስላየሃትማ ምን ብዬ እከስሃለሁ?»

ከመሳቢያዬ ሜትር አውጥቼ እጁ ላይ አስቀመጥኩና ፊቱ ቆምኩ።

«ለካኝ።»

«አሁን?»

«አሁን።»

ወገቤን ለካ፣ ደረቴን ለካ። ከኋላዬ ዞሮ ሜትሩን ከትከሻ ትከሻ ሲዘረጋ ቆመ። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ በመዳፉ ዳሰሰኝ።

«ትከሻሽ እኩል ነው» አለ፣ ቀስ ብሎ።

«ስታገባኝም እኩል ነበር» አልኩት።