በጾም የተተረጎመችው ጠንቋይ

በዘጠናዎቹ መጀመሪያ ካዛንቺስ አስተማሪ ነበርኩ። ትርፍ ጊዜ ሳገኝ ልብ ወለድ መተርጎም እወድ ነበር፤ ከጓደኞቼ በቀር ግን ያነበበልኝ ሰው የለም። አንድ ቀን ኡራኤል አካባቢ መጽሐፍ ቤት የነበራቸው አዛውንት ጠሩኝና አንድ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ እጄ ላይ አኖሩ። ሽፋኑ ላይ ሹል ባርኔጣ ያደረገች ቆንጆ ሴት መጥረጊያ ላይ ተቀምጣ ትበራለች። ከኋላዋ ጥቁር ድመት ተፈናጥጧል።

«ለገና እንዲደርስልኝ እፈልጋለሁ» አሉኝ። «የፍቅር ነው፤ ያስቃል። የፈረንጅ ገናም አለበት።»

«ጠንቋይ ናት እኮ፣ ጋሼ!»

«ብትሆንስ? ቆንጆ ናት።»

ታሪኩ ቀላል ነው። በአንዲት ትንሽ የፈረንጅ ከተማ የምትኖር ጠንቋይ ዳቦ ጋጋሪውን ትወዳለች። ገና ሲቃረብ መስተፋቅር አዘጋጅታ በሻይ ልትሰጠው ስትል፣ ሻዩን የከተማው ከንቲባ አንሥቶ ይጠጣዋል። ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ከከንቲባው መሸሽ ነው። ክረምቱን ትምህርት ተዘግቶ ስለነበር ቁጭ ብዬ በሰማያዊ ቀለም ደብተር ላይ ተረጎምኩት። የገና ጾም ሲገባ ደብተሮቹንና መጽሐፉን ይዤ፣ ከትምህርት ቤቴ ፊት ለፊት ወዳለችው በኮምፒውተር የሚጻፍባት ጠባብ ሱቅ ሄድኩ።

ጸሐፊዋ በእኔ ዕድሜ ያለች፣ ዓይኗን ከደብተሩ ሳታነሣ የምታወራ ልጅ ነበረች። በሦስተኛው ቀን ሥራው የት እንደደረሰ ለማየት ብቅ ስል፣

«መምህር፣ እዚህ ጋ ተሳስተዋል» አለችኝ።

«የቱ ጋ?»

«‹በረዶ እየወረደባቸው እጅ ለእጅ ተያይዘው በደስታ ይሄዱ ነበር› ይላል። አናታቸውን አይፈነክታቸውም?»

«የእነሱ በረዶ ለስላሳ ነው። እንደ ጥጥ ነው።»

«ታዲያ ጥጥ አይሉም?»

ጥጥ አልን። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ እስከ ዛሬ ከሰማይ ጥጥ ይወርዳል።

በሳምንቱ ሌላ ጣጣ መጣ። በጾም ጠንቋይ ብላ እንደማትጽፍ ነገረችኝ።

«ታዲያ ምን ትባል?»

ትንሽ አሰበችና «ባለሙያዋ» አለች።

«ወጥ የምትሠራ ነው የሚመስለው እኮ!»

«መስተፋቅሩን በድስት አይደል እንዴ የምትሠራው?»

ጠንቋይዋ ባለሙያ ሆነች።

አንድ ምሽት የተጻፈውን ቤቴ ወስጄ ሳነብ ግን ጭራሽ ያልጻፍኩት ገጽ አገኘሁ። ባለሙያዋ ማልዳ ተነሥታ ንስሐ አባቷ ዘንድ ትሄዳለች። ስቅስቅ ብላ ታለቅሳለች። ስግደት ይሰጧታል። እዚያ ፈረንጅ አገር! በማግሥቱ ክፍል ከመግባቴ በፊት እየተንደረደርኩ ሄድኩ።

«ይሄን ማን ጻፈው?»

«እኔ።»

«ለምን?»

ለመጀመሪያ ጊዜ ጣቶቿ ቆሙ። «ዳቦ ጋጋሪው አሳዘነኝ። ማለቴ፣ እንደዚያ ያለ ጥሩ ሰው እንዴት መድኃኒት ጠጥቶ ያገባል? እሷም ብትሆን ልቧ ደግ ነው፤ የሚመክራት አጥታ ነው።»

ልቆጣ ነበር የሄድኩት። ነገር ግን ክረምቱን በሙሉ ከእነዚያ ሰዎች ጋር ብቻዬን ነበርኩ። ለእነሱ የሚያስብላቸው ሁለተኛ ሰው ፊቴ ተቀምጦ ሳይ ቁጣዬ ከየት መጥቶ የት እንደገባ አላውቅም። ገጹን ግን አስወጣሁት። እሷም ሁለት ቀን አኮረፈችኝ።

ገና አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ የመጨረሻው ምዕራፍ ብቻ ቀርቶ፣ ከሰዓት በኋላ ስሄድ ደብተሬን በሁለት ጣቷ አንጠልጥላ አገኘኋት። ሰማያዊ ውኃ ወለሉ ላይ ይንጠባጠባል።

«እናቴ ናት» አለች፣ ልታለቅስ ደርሳ። «ምሳ ልታመጣልኝ መጥታ ሽፋኑን አየችው። ጠበል ይዛ ነበር። መጽሐፉንም፣ ደብተሩንም፣ ኮምፒውተሩንም ረጨችው።»

ኮምፒውተሩ ተርፏል። የመጽሐፉ ሽፋን ትንሽ ከመነፋቱ በቀር ደህና ነው። የመጨረሻው ምዕራፍ ግን ታጥቦ ሄዷል። እንደገና ለመጻፍ ጊዜ ስላልነበረ አጠገቧ በርጩማ ስቤ ተቀመጥኩ። እኔ ከእንግሊዝኛው እያየሁ በቃል ልተረጉም፣ እሷ እየሰማች ልትጽፍ ተስማማን።

ከንቲባው መስተፋቅሩ እስኪለቀው ድረስ ጥሩ ሄድን። ከዚያ ባለሙያዋና ዳቦ ጋጋሪው ጥጡ ውስጥ ብቻቸውን ቆሙ። ምን እንደሚመጣ አውቃለሁ። ተርጉሜዋለሁ እኮ! ነገር ግን ደብተር ላይ መጻፍና እንደዚያ ተጠግተው ተቀምጠው በድምፅ ማለት ለካ አንድ አይደሉም።

«ከዚያ… ተጠጋት» አልኩ።

ጻፈች። «እሺ፣ ተጠጋት። ከዚያስ?»

«ከዚያ… ማለቴ… ተጠጋት።»

«እሱን ጽፌዋለሁ።»

«በቃ።»

ዞር ብላ አየችኝ። ጆሮዬ ድረስ ቀልቼ ነበር መሰለኝ፣ ከንፈሯን ነክሳ ወደ ኮምፒውተሩ ተመለሰች። እንዴት እንደጻፈችው ያየሁት ታትሞ ሲወጣ ነው።

ማተሚያ ቤቱ ስላዘገየው መጽሐፉ ለገና አልደረሰም፤ የወጣው ሁዳዴ ሲገባ ነው። በሳምንቱ አዛውንቱ አስጠሩኝ።

«ይሄ ‹ተጠጋት። በቃ።› የሚለው ምንድን ነው?»

«እዚያ ላይ ነው የሚያልቀው፣ ጋሼ።»

«ሰው ሁሉ እየመጣ መጨረሻው ገጽ ጎድሎብኛል ይለኛል እኮ!»

እኔን ያሳሰበኝ ግን ሌላ ነበር፤ የሚጻፍ ነገር አልቆብኛል። ስለዚህ ፈተና ማጻፍ ጀመርኩ። ትምህርት ቤታችን የራሱ ጸሐፊ እያለው፣ የሰባተኛ ክፍልን አጋማሽ ፈተና፣ የስምንተኛን፣ ቀጥሎም ማንም ያላዘዘኝን የክለሳ ጥያቄ ይዤ ሄድኩ። በአራተኛው ላይ ወረቀቱን ተቀብላ አየችውና፣

«ቆይ፣ አንተ ግን እነዚህን ልጆች በሳምንት ስንት ጊዜ ነው የምትፈትናቸው?» አለችኝ።

ከጥያቄው ይልቅ የሰማሁት «አንተ»ውን ነው። ያን ቀን ሻይ እንድንጠጣ ጠየቅኳት። ሻዩን ከእኔ በፊት አንሥታ አሸተተችውና ሳቀች።

በዓመቱ ሽማግሌ ላክሁ። እናቷ የጠንቋይዋን መጽሐፍ የተረጎምኩት እኔ መሆኔን ሲሰሙ አማተቡ አሉ። ከዚያ፣

«የሚያስተምረው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ።

«ጂኦግራፊ» አሉ ሽማግሌዎቹ።

«እሱ ደግ ነው። መተርጎሙን ግን ይተዋል?»

ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ሲተያዩ፣ ከጓዳ «አይተውም!» የሚል ድምፅ መጣ። ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው። እናቷ የሳቁት ቆይተው ነው። ጥር ላይ ተጋባን።