ግልባጭ ያለው ጸሎት

ሰውየው ማመልከቻ ጸሐፊ ነው። ከማዘጋጃ ቤቱ ደረጃ ግርጌ፣ በቆርቆሮ ኪዮስክ ውስጥ ተቀምጦ ዐሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ የሰውን ብሶት ወረቀት ላይ ሲያሰፍር ኖሯል። «አንዱ መሥሪያ ቤት ቢተኛ ሌላው ይነቃል» ባይ ስለሆነ ከጽሑፉ ሥር «ግልባጭ» ብሎ የሚመለከታቸውንም የማይመለከታቸውንም ቢሮዎች ይደረድራል። ሰፈሩም «ጋሼ ግልባጭ» አለውና ጸደቀበት። ለሚስቱ በጻፈላት የልደት ካርድ ላይ እንኳ «ግልባጭ፦ ለእናትሽ» ብሎበታል ይባላል፤ እሷም አታስተባብልም።

ይህ ሰው ከንቲባውን ይጠላል። እንደ እናንተና እንደ እኔ ሲያናድዱት ብቻ የሚጠላ እንዳይመስላችሁ፤ በሥርዓት ነው የሚጠላው። ጠዋት ፊቱን ታጥቦ፣ ቁርስ ሳይቀርብ፣ በተራ ቁጥር ይረግማቸዋል። አንደኛ መንገዱ፣ ሁለተኛ ውሃው፣ እያለ እስከ ሰባተኛው «ልዩ ልዩ» ይዘልቃል። ሰሞኑን ስምንተኛ ተጨመረ። ከደረጃው ግርጌ ያሉ ኪዮስኮች በሙሉ በመጪው ሐሙስ እንዲፈርሱ ከንቲባው ፈርመዋል። ኪዮስኩ ከፈረሰ ደግሞ እንጀራው አብሮ ፈረሰ ማለት ነው።

ሚስቱ ቄሱ ዘንድ ሄዳ ከሰሰችው።

«አባ፣ ቤቴ ውስጥ ጸሎት ቀረ። ‹የበደሉንን ይቅር እንደምንል› የሚለው ጋ ሲደርስ ሳል ይይዘዋል።»

ቄሱም አስጠሩት። «ጠላትህን ውደድ የተባለው ለጎረቤትህ ብቻ መሰለህ? ስለ ከንቲባው ጸልይ። እንዲሻሩ አይደለም፣ መልካም እንዲሆንላቸው።»

«አባ፣ ለእሱ አፌ አይከፈትም።»

«እጅህስ?»

እጁማ ሥራው ነው። ኪዮስኩ ገብቶ ወረቀት ዘረጋና «ለእግዚአብሔር። ጉዳዩ፦ የከንቲባውን መባረክ ይመለከታል» ብሎ ጀመረ። የመጀመሪያው ረቂቅ ሦስተኛው መስመር ላይ ክስ ሆነ። በአራተኛው ረቂቅ ከንቲባው ወደ ሩቅ ከተማ በዕድገት እንዲዛወሩ ለመነ፤ ቄሱ ዘንድ ቢወስደው አንብበው ቀደዱት። በመጨረሻ በቴሌቪዥን ያየው ነገር ትዝ አለው። ከንቲባው ደረጃ ሲወጡ ቀኝ ጭናቸውን በእጃቸው ደገፍ ያደርጋሉ። ሚስቱም ጉልበቷን ታማ በነበረበት ዓመት እንዲሁ ታደርግ ነበር። «የቀኝ ጉልበታቸውን ፈውስላቸው፤ ይህ ሕመም እንቅልፍ ይነሳል» ብሎ ጻፈ። ከዚያ በኋላ የሚጨምረው አጣ። በዕድሜው እንዲህ ያለ አጭር ማመልከቻ ጽፎ አያውቅም።

ልማድ ክፉ ነው፤ እጁ ሳያማክረው «ግልባጭ፦ ለከንቲባ ጽሕፈት ቤት» ብሎ አከለ። ሰኞ ጠዋት የደንበኞቹን ማመልከቻዎች ለመዝገብ ቤት ሲያስረክብ ጸሎቱም አብሮ ገባ።

ማክሰኞ ተጠራ።

ረጅም ጠረጴዛ ዙሪያ ሦስት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ የጸጥታው፣ የሕጉና የሕዝብ ግንኙነቱ ኃላፊዎች። መኻላቸው ጸሎቱ ቁጥርና ማኅተም አርፎበት ተጋድሟል።

«ስለ ጉልበታቸው ማን ነገረህ?» አለ የጸጥታው። «ምስጢር ነው እኮ!»

«ቴሌቪዥን።»

«ከጀርባህ ማን አለ?»

ዞር ብሎ አየ። «ግድግዳ ነው ጌታዬ።»

የሕጉ ሰው ተነፈሰ። «አባባ፣ ችግሩ ሌላ ነው። የራሱ ጥያቄ የሌለው አመልካች ደርሶን አያውቅም። ፋይሉን በምን እንዝጋው? ምን ፈልገው ነው?»

«እንዲሻላቸው።»

«እሱን ያዝን። ለእርስዎስ?»

የሕዝብ ግንኙነቱ ዐይኑን በጨው አጥቦ ወረቀቱንና እስክሪብቶውን ገፋለት። «ከታች አንድ መስመር ይጨምሩ። ‹ኪዮስኬ ይትረፍልኝ› ይበሉ፣ አሁኑኑ እናስፈርምልዎታለን።»

እስክሪብቶውን አነሳ። እንዲህ ያለ መስመር ለሌላው ሰው ሺህ ጊዜ ጽፏል። ያቺን ኪዮስክ ይወዳታል፣ ሚስቱን ምን እንደሚያበላት አያውቅም፣ ፈርቷልም። ነገር ግን ሁለት ጉዳይ በአንድ ማመልከቻ አይጻፍም፤ ይህን ለደንበኞቹ ሁሉ ሲያስተምር የኖረ ሰው ነው።

«ይችን ከጨመርኩ የጸለይኩት ለቆርቆሮዬ ሆነ» አለና እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ቆርቆሮው ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው።»

ይህን ሲል በሩ ተከፈተና ከንቲባው ራሳቸው ገቡ። ሦስቱም ብድግ አሉ። ከንቲባው ፊታቸው አመድ መስሏል።

«እውነቱን ንገረኝ፤ ልሞት ነው?»

«ኧረ በስመ አብ! ምን በወጣዎት?»

«ታዲያ ለምን ይጸለይልኛል? የሚለምነኝ ሰው ሞልቷል፤ የሚለምንልኝ ግን አይቼ አላውቅም።»

ያን ጊዜ ሰውየው የቀኝ ጫማቸው ማሰሪያ ተፈትቶ ወለል ሲጠርግ አየ። ሦስቱ ኃላፊዎች ከጠዋት ጀምሮ አይተውታል። ሆኖም ከንቲባው ጎንበስ ብለው ማሰር ስለማይችሉ ማሰሪያውን ማየት ጉልበቱን ማየት ነው፣ ጉልበቱ ደግሞ ምስጢር ነው፤ ስለዚህ ማንም አላየም። እሱ ጎንበስ አለና አሰረላቸው።

«ሚስቴን የረዳት ሞቅ ያለ ውሃ በጨው ነው» አላቸው ከታች ሆኖ።

ከንቲባው ትከሻውን ያዙ፤ ለምስጋና ይሁን ላለመውደቅ እስከ ዛሬ አልገባውም። «ምን ላድርግልህ?»

ጸሎቱን በጣቱ አመለከተ። «ጉዳዩ እዚህ ላይ አልተጠቀሰም፣ ክቡር ከንቲባ።»

የሕጉ ሰው ቃለ ጉባኤው ላይ «ማሰሪያ ታስሯል፤ ጥያቄ አልቀረበም» ብሎ ፋይሉን ዘጋ።

ረቡዕ ዕለት ስለ ኪዮስኩ በደንቡ መሠረት ለብቻው አመለከተ። በአንድ ወር ውስጥ ይታያል ተባለ። ሐሙስ ጠዋት አፍራሹ መኪና መጣ።

ሰውየው ጠረጴዛውን ታቅፎ ከሚስቱ ጋር አስፋልቱ ዳር ቆመ። ቆርቆሮው ሲጨማደድ ሚስቱ አንጀቷ አረረና «በል እርገመው!» አለችው። «ቄሱን እኔ እነግራቸዋለሁ። ዛሬ እኔም አብሬህ ነኝ!»

አፉን ከፈተ። ከንቲባው በዚያው ሰዓት ደረጃውን እየወረዱ ነበር።

«ተይ፣ ተይ፣ እዪው!» አለ። «ጤነኛውን እግር አስቀደመ! ሲወርዱ የታመመው ነው የሚቀድመው፤ ሊወድቅ ነው እኮ! የሚነግረው ሰው የለም?»

ሚስቱ አፍጥጣ አየችው። እሱም ራሱን ሰማና ደነገጠ። ደረቱን ዳበሰ፣ ጥርሱን ነከሰ፣ አንድ እርግማን ከሆዱ ለማውጣት ታገለ። ወይ ፍንክች።

«አንቺ፣ የለም» አላት።

«ምኑ?»

«ጥላቻዬ። ኪዮስኩንስ ያፍርሱት፣ ትእዛዝ አላቸው። ይኼኛውን ማን ፈቀደላቸው?»

ከዚያም ጠርዙ ላይ ቁጭ ብሎ እንደተዘረፈ ሰው ድምፁን አውጥቶ አለቀሰ። ሚስቱ ልትስቅም ልታለቅስም ከጅሏት አጠገቡ ተቀመጠች። አንድ መንገደኛ አዝኖለት ቆመና «አይዞህ ጋሼ፣ ቆርቆሮ ይተካል» አለው።

«ለቆርቆሮውማ ማን አለቀሰ!» አለ ሰውየው።