ደህናው ዓይን

ከሁለት ዓይን አንዱን ምረጥ ተብዬ አውቃለሁ። በጃንሆይ ጊዜ ነው፤ ሆሳዕና ከተማ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ቁስል የማጥብ፣ መርፌ የምወጋ ድሬሰር ነበርኩ። በገበያ ቀን አቶ ላምቤቦ የሚባሉ የጃጁራ ገበሬ ሚስታቸውን እየመሩ መጡ። የሴትየዋ ሁለቱም ዓይኖች ነጭ ጠባሳ ለብሰዋል።

እንሰት ሲፍቁ የኖሩ ሴት ስለሆኑ በቃጫ አስረዳኋቸው። “ብሌን ከቃጫ እጅግ የቀጠነ ክር ነው። ክሩ ተበጥሮ፣ እኩል እኩል ሲደረደር ብርሃን ያሳልፋል። የእርስዎ ቆስሎ ሲድን ክሩ ተዘበራረቀ፤ የነጣው ለዚያ ነው።”

“ታዲያ አይበጠርም?” አሉ ባልየው።

እንደማይበጠር ነገርኳቸው። ውጭ አገር ግን የሞተ ሰው ብሌን ለሕያው ይሰፋል ሲባል መስማቴን ጨመርኩ። ይህን ባልናገር ይሻል ነበር።

አቶ ላምቤቦ ሚስታቸውን ደጅ አግዳሚው ላይ አስቀምጠው ብቻቸውን ተመለሱና በሩን ዘጉ። ባርኔጣቸውን አውልቀው ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩልኝ።

“እስኪ እየው ልጄ፣ የትኛው ይሻላል? በዕድሜ እቀድማታለሁ፤ ስሞት ለእሷ ይሁን። ግራው ሳይሻል አይቀርም፤ በቀኙ ብዙ ጢስ አይቻለሁ።”

እዚህ አገር እንዲህ ያለ ነገር የለም ለማለት ከበደኝና ባትሪዬን አብርቼ ሁለቱንም አየሁ።

“ሁለቱም ደህና ናቸው” አልኳቸው።

ደስ ብሏቸው በቅሏቸውን ሊያመጡ ሄዱ። ወዲያው ሚስታቸው ግድግዳውን እየዳበሱ ገቡ። በሩ ስስ ነው፤ ሁሉንም ሰምተዋል።

“ልጄ” አሉኝ ቀስ ብለው፣ “እሱ ከሞተ በኋላ ማንን ላይበት ነው?”