ከኢላማው ፊት የተነሳው ደጋን

ሰዓት ሠሪውን የቀስተኞች ማኅበር አባላት «አንቀጽ» ነው የሚሉት። ስሙን ያወጡለት ፈርተውት እንጂ ወደውት አይደለም። አርባ ሁለቱን የማኅበሩን ደንቦች ከነንዑስ አንቀጻቸው እንደ ውሃ ጠጥቷቸዋል። ነጠላ ጫማ አድርጎ የመጣውን ከበር ይመልሳል፣ ቢራ የቀመሰውን ከሩቅ ያሸታል። የኢንሹራንስ ካርዱን ቤት የረሳ ሰው ቢለምነው ቢያለቅስበት፣ ጫካውን በዓይኑ አይቶ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ደጋን ይዞ ያስነጠሰ ሰው እንኳ በጽሑፍ ማብራሪያ ይጠየቃል እያሉ ያሙታል። ሐሜቱ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም።

ሰው ግን ደንብ ወዳድ ሆኖ አይወለድም። ይህኛው ደንቡን ያጠናው አንድ ሰው ሊያጠምድበት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጫካው ውስጥ ሃያ አራት ኢላማዎች በእግር መንገዱ ዳር ተተክለዋል። ቀስተኛው አንዱን ጨርሶ ወደሚቀጥለው ሲሄድ፣ ከኋላው ሌላው ይተካል። ፍላጻው ኢላማውን ስቶ ከጀርባ የገባበት ሰው፣ ሊፈልገው ከመሄዱ በፊት ደጋኑን ከኢላማው ፊት አስደግፎ ይተዋል። የተደገፈ ደጋን ያየ ሁሉ «ከኋላ ሰው አለ» ብሎ ይቆማል። አንቀጽ አሥራ አራት የሚለው ይህንኑ ነው። ኢንሹራንሱም የታሰረው በዚችው አንቀጽ ነው፤ ደጋኑን ሳያስደግፍ ገብቶ የተመታ ሰው ካሳ የለውም።

ከዘጠኝ ዓመት በፊት ሰዓት ሠሪው ደጋኑን አስደግፎ ነበር። አብሮት የነበረው ፋርማሲስቱ ነው፤ የልብ ጓደኛው፣ ሱቃቸው አንድ ግድግዳ የሚጋራ። ፋርማሲስቱ፣ ፍላጻውን አግኝቶ የሚከተለው መስሎት፣ ደጋኑን አንስቶ ወደሚቀጥለው ኢላማ ይዞለት ሄደ። ማገዙ ነበር። ቀጥሎ የደረሰው ከሌላ ከተማ የመጣ ተወዳዳሪ ባዶ ኢላማ አየና ለቀቀ። ፍላጻው ሣር ውስጥ ያጎነበሰውን ሰዓት ሠሪ ቀኝ ክንድ ከክርኑ በታች በሳው። ፋርማሲስቱ ቁስሉን በሸሚዙ እያሰረ በጆሮው «እኔ ነኝ ያነሳሁት፣ ይቅር በለኝ» አለው። በሦስተኛው ቀን ግን ሪፖርቱ ላይ «ደጋን አልነበረም» ብሎ ፈረመ። የሌላውን ደጋን ከኢላማ ፊት ያነሳ አባል ከማኅበሩ ይሰረዛል፤ እሱ ደግሞ በዚያው ወር ለሊቀመንበርነት ታጭቶ ነበር።

ኢንሹራንሱ በአንድ ገጽ ደብዳቤ ጉዳዩን ዘጋ። የሰዓት ሠሪው አውራ ጣትና ሌባ ጣት ደንዝዘው ቀሩ። ፀጉር የምታክል የሰዓት ጥርስ በመቆንጠጫ ያነሳ የነበረ ሰው፣ ባትሪ ቀያሪና የግድግዳ ሰዓት አቧራ ጠራጊ ሆነ። ይባስ ብሎ «ደጋኑን የረሳው ሰውዬ» የሚል ቅጥያ ወጣለት። ከጣቱ በላይ ያንገበገበው ይህኛው ነው።

ሊቀመንበር የሆነው ፋርማሲስት በየማለዳው መዝጊያውን ሲከፍት «እንዴት አደርክ ወንድሜ» ይለዋል፤ ክረምት ሲገባ ለእጁ የሚቀባ ቅባት በነፃ ይልክለታል። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ። ሰዓት ሠሪው ቅባቱን አንድም ቀን ሳይከፍት መሳቢያ ውስጥ ይደረድረዋል፤ ጥላቻው ሲቀዘቅዝበት መሳቢያውን ከፍቶ ያየዋል፣ ይሞቅለታል።

ሚስቱ ይህን ሁሉ ታውቃለች። «ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት» ብትለው፣ «እኔ መች ጸለይኩ?» አላት። ሄደህ ፊት ለፊት ተናገረውና ይውጣልህ ብላ ብዙ ጊዜ መክራዋለች። እሱ ግን መናገር አልፈለገም፤ መስማት ነው የፈለገው። ያቺን ቃል፣ «እኔ ነኝ ያነሳሁት» የምትለዋን፣ ከራሱ ከፋርማሲስቱ አፍ፣ በኮሚቴ ፊት፣ በቃለ ጉባኤ ተይዛ። ለዚህ ሲል የማኅበሩን የደኅንነት ኃላፊነት ለምኖ ተቀበለ፤ ፊሽካ በአንገቱ አንጠልጥሎ ጫካውን ሲዞር ዘጠኝ ዓመት ሞላው።

ቀኑ የመጣው በአንድ እሑድ ጠዋት ልምምድ ላይ ነው። ሰዓት ሠሪው በአቋራጭ ወጥቶ አሥራ ሰባተኛው ኢላማ ጋ ሲደርስ አንድ ደጋን ተደግፎ አገኘ። እጀታው ላይ የተጠመጠመውን ቀይ ቆዳ ያውቀዋል። አንገቱን አስግጎ ቢያይ፣ ከኢላማው ጀርባ ቁልቁለቱ ላይ የሊቀመንበሩ ነጭ ባርኔጣ ከሣሩ በላይ ከፍ ዝቅ ይላል። ፍላጻ ይፈልጋል። ሰዓት ሠሪው ሰውነቱን ሙቀት ወረረው፤ ደስታ ነበር። ደጋኑን አነሳ። ወደ አሥራ ስምንተኛው ኢላማ ወስዶ ግንዱ ላይ አስደገፈው፤ ልክ ከዘጠኝ ዓመት በፊት የእሱ ደጋን የተገኘበት ዓይነት ቦታ።

ዕቅዱን በዚያችው በጥቂት እርምጃ ጊዜ ውስጥ ጨረሰው። ከኋላ የምትመጣው መምህርቷ ናት፤ ማኅበሩን ከገባች ዓመት ያልሞላት፣ ጠንቃቃ ሴት። መወርወሪያው ቦታ ላይ ቆማ ባዶ ኢላማ ታያለች፤ ያኔ እሱ ፊሽካውን ይነፋል። ማንም አይጎዳም፤ ደጋን እንዳልነበረ ግን ምስክር ይገኛል። ሰዓት የሚያክል ነገር ሲፈታ ሲገጥም የኖረ ሰው፣ ይህ ሁሉ እንደማይዛነፍ እርግጠኛ ነበር።

መምህርቷ ቀድማው ደረሰች። ገና ከአሥራ ስምንተኛው ሲመለስ በቅርንጫፎቹ መካከል አያት፤ ኢላማውን አይታለች፣ ባዶ ነው፣ ጅማቱን እስከ አገጯ ስባለች። ፊሽካውን በልማድ በቀኝ እጁ ያዘ። የደነዘዙት ጣቶች አልጨበጡትም፤ ከከንፈሩ ሳይደርስ አመለጠውና ገመዱ ላይ ተወዛወዘ። «አቁሚ!» ብሎ ሲጮህ ጅማቱ ተለቅቆ ነበር። ፍላጻው የኢላማውን ጫፍ ጭሮ አለፈና ከነጩ ባርኔጣ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ግንድ ላይ ተተከለ። ፋርማሲስቱ መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ለረጅም ጊዜም አልተነሳ።

ሰዓት ሠሪው ያን ዕለት ከሰዓት በኋላ ሪፖርቱን በግራ እጁ ጻፈ። «ደጋን አልነበረም» የሚለው ጋ ሲደርስ ብዕሩን አሳርፎ ሻይ ጠጣ፤ ከዚያ ጻፈው። በቀል እንዲህ ይጣፍጣል ብሎ አልገመተም ነበር።

ኮሚቴው ረቡዕ ተሰበሰበ፤ የጎማ መጋዘን በነበረችው የማኅበሩ ክፍል፣ ግድግዳውን ታከው በቆሙት የተበሳሱ ኢላማዎች መካከል። ሰብሳቢዋ ምክትል ሊቀመንበሯ፣ ጡረተኛዋ ነርስ ናት። መምህርቷ ያየችውን ተናገረች፤ ኢላማው ፊት ምንም አልነበረም። ከእሑድ ወዲህ እንቅልፍ እንደሌላት ፊቷ ይናገር ነበር። ነርሷ ወደ ሊቀመንበሩ ዞረች።

«አስደግፌ ነበር» አለ ፋርማሲስቱ። «ሰው አንስቶታል።»

ማን፣ ስለምን ያነሳል ብላ ጠየቀችው። ፋርማሲስቱ አቀረቀረ። ሰዓት ሠሪው ጠረጴዛውን ተሻግሮ ትኩር ብሎ አየው። የወጥመዱ አፍ እዚህ ላይ ነበር፤ ሰውየው ምክንያቱን ከተናገረ ራሱን ይከስሳል፣ ካልተናገረ «ደጋኑን የረሳው ሊቀመንበር» ተብሎ ይቀራል። ሁለቱም ለሰዓት ሠሪው ሠርግና ምላሽ ነው።

ፋርማሲስቱ በመጨረሻ ቀና አለ። «ምክንያት ያለው እሱ ብቻ ነው» አለ ወደ ሰዓት ሠሪው እየጠቆመ። «ከዘጠኝ ዓመት በፊት የእሱን ደጋን እኔ ነኝ ያነሳሁት። አልነበረም ብዬ የፈረምኩት ውሸቴን ነው።»

ነርሷ ቃለ ጉባኤው ላይ ስትጽፍ የብዕሯ ድምፅ ይሰማ ነበር። ሰዓት ሠሪው ዘጠኝ ዓመት የተሸከመው ነገር ከትከሻው ሲወርድ ተሰማው። እንባው መጣ፤ ዋጠው። ነርሷ ጽፋ ስትጨርስ «እርስዎስ? የሊቀመንበሩን ደጋን አንስተዋል?» አለችው።

መካድ ይችል ነበር። ግን ከፋርማሲስቱ መብለጥ ፈለገ። «አዎ፣ አነሳሁ» አለ። «እንደ እሱ ግን ዘጠኝ ዓመት አላስጠበቅኳችሁም።»

ደንቡ ግልጽ ነው፤ ሁለቱም ይሰረዛሉ። ሰዓት ሠሪው ፊሽካውን ከአንገቱ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አኖረ። ስሜቱ የአሸናፊ ነበር፤ እንዲያውም ፈገግ ሊል ቃጥቶት ነበር። ኮቱን አንስቶ ወደ በሩ ሲዞር መምህርቷ ከወንበሯ ሳትነሳ ጠራችው።

«ጋሼ፣ እኔ ስስብ ከኋላ ሰው እንዳለ ያውቁ ነበር?»

«አውቅ ነበር። ግን ፊሽካ ይዤ ነበር፤ ላስቆምሽ ነበር።»

«አላስቆሙኝም» አለች። ድምጿን አላነሳችም። «ቢሞት ኖሮስ፣ ስለ እኔ ምን ብለው ይጽፉ ነበር?»

እሷ መልሱን አልጠበቀችም። እጇን ዘርግታ ሪፖርቱን ከነርሷ ፊት ወደ ራሷ ሳበች፣ በጣቷ እየተከተለች ወረደች፣ አንድ መስመር ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ ወረቀቱን አዙራ ወደ እሱ ገፋችው። «ፍላጻውን የለቀቀው ሰው» ከሚለው ቀጥሎ፣ በግራ እጁ በተንጋደደ ጽሕፈት፣ የእሷ ስም ከነአባቷ ተጽፎ ነበር።