ወፉን ማን ሰማው?

ሽባባው ፈረስ እንጂ ነገር አይችልም ነበር። አልገራም ያለ ፈረስ ሁሉ ከእንጅባራ ዙሪያ እየተጎተተ ወደ እሱ ነው የሚመጣው። ቀኑን ሙሉ በጆሮው ሲያንሾካሹክለት ይውልና ማታ በባዶ ጀርባው ተቀምጦበት ይመለሳል። ሰው ፊት ሲቆም ግን ምላሱ ትታሰራለች። አማርኛው አይቀናውም እንዳይባል፣ በአገውኛውም ያው ነው። «ሽባባው በሁለት ቋንቋ ዝም ይላል» እያሉ ጎረቤቶቹ ይስቁበት ነበር።

ታዲያ ምን ይሆናል፣ ዝም የሚል ሰው ብልህ ይመስላል። ጺሙም ነጣ፤ ሰው ሲያወራ አያቋርጥም። በዚህ በዚህ ሽማግሌ አደረጉት።

ሚስቱ ሞታበት ከአንዲት ልጁ ከሸጋ ጋር ነበር የሚኖር። ሸጋ ለክንዴ ታጭታለች። ክንዴ አባት እናት የሌለው፣ ሁለት በሬ ያለው፣ እጁ ሥራ የማይጠላ ልጅ ነው። ሠርጉ ለጥር ተቆረጠ።

እንግዲህ ነገሩ የመጣው በኅዳር ነው፣ ገብስ ታጭዶ ሜዳ ላይ በተኛበት ሰሞን። ሽባባውን አንዱ ያልተገራ ፈረስ ጥሎት ወገቡ ተያዘ። የቀርከሃ ጎተራው ደግሞ ታችኛው ወገን በስብሶ ወድቋል። እህሉ ሊገባ ነው፣ የሚያስገባበት የለም። ምን ያድርግ? ክንዴን አስጠራው።

ይኼ ደግሞ ነውር ነው። ያጨ ሰው የአማቱን ደጅ አይረግጥም፤ መንገድ ላይ እንኳ ቢያገኛቸው ዞሮ ነው የሚያልፍ። ያውም እናት በሌለችበት ቤት! ሰው ቢያይ «ልጅቱን ሳይድሯት ሰጧት» ይባላል። ስለዚህ ክንዴ ቅዳሜ ጧት በጓሮ፣ በቀርከሃው ውስጥ ለውስጥ መጣ። ቀኑን ሙሉ ጎተራውን ሲጎነጉንና ሲያያይዝ ዋለ። ሸጋ በእበት መረገችው። ሽባባው መደቡ ላይ ተጋድሞ ሁለቱንም ሲያይ ዋለ፤ አንዲት ክፉ ነገር አላየም። ሲመሽ ልጁ በመጣበት ሄደ። ከአባትና ከልጅ በቀር ያወቀ የለም።

በዚያው ቅዳሜ የአገሩ ሹም የግራዝማች አየነው በቅሎ ከግጦሽ ጠፋች።

ግራዝማቹ ሰኞ ዕለት አውጫጭኝ አስጠሩ። አውጫጭኝ እንደሆነ፣ አገሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ይታገዳል፤ ሌባው ሳይታወቅ ማንም ቤቱ አይገባም። ያየ ሰው በአደባባይ አይናገርም፤ ከተመረጡት ሰሚዎች ወደ አንዱ ጠጋ ብሎ በጆሮው ሹክ ይላል። ያ ሹክ ያለው ሰው ወፍ ይባላል። ወፉ ማን ነው ተብሎ አይጠየቅም፤ ሰሚውም እስኪሞት አይናገርም።

ሰሚ የሆኑት አራት ናቸው። አንዱ ሽባባው፤ ወገቡን ይዞ በዱላ ነው የመጣው። አንዱ ቄስ ገብረ ማርያም። አንዱ አያ ምህረቴ፤ እሳቸው እንኳ ነጋሪት ቢጎሰም አይሰሙም፣ ለሹክሹክታ መመረጣቸው! አራተኛው አበረ ነው። አበረ የዳንግላ ዳኞች ሳይቀሩ ቆመው የሚሰሙት ነገረኛ ነበር። ጋቢውን ሲያጣፋ ብቻ ሰው ጸጥ ይላል።

አንድ ቀን አለፈ፣ ሁለት ቀን አለፈ፤ ወፍ የለም። ያልታለበች ላም በየደጁ ትጮኻለች። ሕፃን ያለቅሳል። በሦስተኛው ቀን ከወደ ጥሊሊ ጥቁር ደመና ተነሣ። የታጨደው ገብስ ሜዳ ላይ ነው፤ በረዶ ከመታው ዓመቱ ሄደ። ከዚህ በኋላ ሌባውን የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ሰው ሁሉ የሚፈልገው ቤቱን ነው።

አበረ ይኼን አወቀ። ሦስቱን ሰሚዎች ወደ ዛፉ ሥር ሰበሰበና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«እኔ ማንንም ሰረቀ አልልም» አለ። «እኔ የምጠይቀው፣ ድግስ ያለበት ማን ነው? ለጥር እጁ ያጠረው ማን ነው? ቅዳሜ ዕለት ከሰው ዓይን ተሰውሮ የዋለስ ማን ነው? እኔ አይደለሁም የምለው፤ ወፉ ነው።»

ቄስ ገብረ ማርያም ደመናውን አዩና «ወፉ ካለማ» አሉ።

አያ ምህረቴ ቄሱ ራሳቸውን ሲነቀንቁ አይተው ነቀነቁ።

ሽባባው አፉን ከፈተ። አበረ ቀደመው። እጁን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ፣ «አያ ሽባባው፣ ለአንተ ከባድ መሆኑን እናውቃለን፤ የልጅህ እጮኛ ነው። ሌላ ሰው ቢሆን ለአማቹ ያደላ ነበር። አንተ ግን ሚዛን ነህ። አገሩ ሁሉ የሚያከብርህ በዚሁ ነው» አለው።

እንዲህ አድርጎ በምስጋና ለጎመው። ሽባባው ፈረስ ሲለጉም ኖሮ፣ ልጓም አፉ ሲገባ አላወቀም።

ክንዴን አቆሙት።

«ቅዳሜ የት ዋልህ?» አለው አበረ።

«ሥራ ላይ።»

«የማን ሥራ?»

«የሰው ሥራ።»

«ሰውየው ክርስትና አልተነሣም? ስም የለውም?» ሲል ሜዳው ሙሉ ሳቀ። የተራበ ሰው ሳቅ ታውቃላችሁ፣ ጥርስ ይበዛበታል።

ክንዴ አልሳቀም። ሽባባውን አየው። «ስሙን እሳቸው ራሳቸው ይናገሩት» አለ።

ከሴቶቹ መኻል ሸጋ ብድግ አለች። «አባዬ!» ብላ ተጣራች። አንዲት አሮጊት ቀሚሷን ይዛ አስቀመጠቻት፤ በአውጫጭኝ ሴት ልጅ አባቷን አትጣራም።

ሽባባው በዱላው ጫፍ መሬት ይጭራል። ቢናገር፣ ለአማቹ አደላ ይባላል። ቢናገር፣ ልጁ ሳትዳር ወንድ ቤቷ ዋለ ይባላል። እስቲ ነገ ልናገር፣ ሲረጋጋ ልናገር ብሎ አሰበ። አንድ ጠብታ ዝናብ እጁ ላይ ወደቀ። ሰው ሁሉ «ይበቃል! ወፉ ተናግሯል!» እያለ ተነሣ። ገብሱን ሊከምር ሮጠ። ሜዳው ላይ ክንዴ ብቻውን ቆሞ ቀረ።

በረዶው በሌላ በኩል አለፈ።

የክንዴን ሁለት በሬዎች የግራዝማቹ ሎሌዎች በበቅሎዋ ምትክ ነዷቸው። ሠርጉን ያፈረሰው ያው አበረ ነው፤ «ከሌባ ጋር አትዛመድ፣ ለክብርህ ነው» ብሎ። ሽባባው አሁንም እስቲ ነገ አለ። በሬ የሌለው ሰው ምን ያርሳል? ክንዴ ለሰው ሊያርስ ወደ መተከል ቆላ ወረደ። ሲሄድ በጓሮ በኩል በቀርከሃው ውስጥ አለፈ። ሸጋ አየችው። ቆም ብሎ ጎተራውን አየና ሄደ። በዓመቱ ከቆላ የመጣ ነጋዴ፣ ወባ እንደጣለው፣ አፈር ያለበሱትም የማያውቁት ሰዎች እንደሆኑ ተናገረ።

ከዚያ በኋላ በበጋው ስሜነሽ የምትባል ሴት ቀርከሃ ልትቆርጥ ገደል ወረደች። የበቅሎ አጥንት አገኘች፤ እግሩ ላይ የግራዝማቹ እግር ብረት እንደታሰረ ነው። በቅሎዋ ታስራ ስትነጥር ተንሸራታ ኖሯል። ግራዝማቹ ብረቱን ተቀበሏትና፣ «አፍሽን ያዢ» አሏት። ስሜነሽ ደግሞ አፍ መያዝ! ሳይመሽ አገሩ ሰማ።

ሽባባው በማግስቱ ዱላውን ይዞ ወጣ። መጀመሪያ ቄሱ ቤት ሄደ።

«አባ፣ ወፉን እርስዎ ኖረዋል የሰሙት?»

«እኔማ አልሰማሁም። አበረ የሰማው መስሎኝ። ወይስ አንተ?»

ቀጥሎ ሄዶ በአያ ምህረቴ ጆሮ ላይ ጮኸ። እሳቸውም፣ «ሁላችሁም ስትነቀንቁ እኔም ነቀነቅሁ። ምን ነበር ነገሩ?» አሉት።

አበረን ከደጁ ጠላ ሲጠጣ አገኘው።

«ወፉን ማን ሰማው?» አለው ሽባባው። ያን ቀን ምላሱ ተፈታች።

«ሰማሁ የሚል ቃል ከአፌ አልወጣም። ወፉ ነው ያልሁት» አለ አበረ። ዋንጫውን አስቀመጠ። «እውነቱን ንገረኝ ካልኸኝ፣ እኔም እርግጠኛ አልነበርሁም። ልጁ አንተን ሲያይህ፣ አንተ ወደ መሬት ስታይ፣ ያኔ አመንሁ። አማቱ ያልተሟገተለትን ሰው ማን ይሟገትለታል? አገሩም ያየው አንተን ነው። ወፉ አንተ ነህ፣ አያ ሽባባው።»

ሽባባው ቤቱ ተመለሰ። ሸጋ ጎተራው ሥር ተቀምጣ ገብስ ታወጣለች።

«ወፍ አልነበረም» አላት።

«አውቃለሁ፣ አባዬ።»

«ለስምሽ ብዬ ነበር።»

ሸጋ ገብሷን ይዛ ተነሣች። በሚቀጥለው ቅዳሜ እንጅባራ ገበያ፣ ቅቤ ሻጮች መኻል ቆመች። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «በቅሎዋ የጠፋች ቀን ክንዴ እኛ ቤት ነበር የዋለው። ጧት ገብቶ ማታ ወጣ። ጎተራ ሠራ። አባቴ ያውቃል» አለች።

ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ፣ «እና? ሌላስ?» አለች።

«ሌላ የለም።»

«ኤዲያ! ይኼ ነው እንዴ የተደበቀው?» አለችና ቅቤዋን መዘነች።

ሐሜቱ አንድ ገበያ እንኳ አልሞላም። በሚቀጥለው ቅዳሜ የሚወራው ስለ ሌላ ሰው ነበር። ሽባባው ይኼን ሲሰማ ገበያውን ዳር ሆኖ ለረጅም ጊዜ አየው። እስኪሞት ድረስ ለሽምግልና ሲጠሩት ፈረሱን ጭኖ ይጠፋ ነበር። ጎተራውን ግን በየዓመቱ ራሱ በእበት ይመርገው ነበር፤ ሸጋ እንኳ እንድትነካው አይፈቅድም።