ታንጉት ሞተር ላይ የተቀመጠችበት እሑድ

መርካቶ አጠገብ ሰባተኛ ሰፈር ውስጥ፣ አምስት አባወራ አንድ ቧንቧ ተካፍሎ በሚኖርበት ግቢ፣ ታንጉት የምትባል ሴት አለች። ዕድሜዋ ሃምሳ ሦስት ነው። ክብደቷን እሷም አትናገርም፣ እኛም አንጠይቅም። ከጎጃም በልጅነቷ መጥታ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የሠራችው አንድ ሥራ ነው፤ መከለሻ መውቀጥ። ኮረሪማውን፣ ቁንዶ በርበሬውን፣ ቅርንፉዱን፣ ቀረፋውን ትለቅማለች፣ ታምሳለች፣ ከዚያ በወይራ ሙቀጫዋ ወቅጣ በርበሬ ተራ ላሉ ነጋዴዎች ታስረክባለች። ሙቀጫውን ሟቹ ባሏ ከአውቶቡስ ተራ በትከሻው ተሸክሞ ነው ያመጣላት፤ ለወዛደር አልሰጥም ብሎ ወገቡን ሳምንት ሙሉ ታመመ። ወፍጮ ቤት ብትሰጪው ምናለ ያላት ሰው ካለ፣ ወፍጮ ቅመሙን አቃጥሎ ሽታውን በጣሪያ ነው የሚሰደው ብላ ትቆጣዋለች። መርካቶ ውስጥ «የታንጉት ነው» ከተባለ ገዢው ከፍቶ አያሸትም ነበር። ነበር ነው የምለው፣ ወደዚያው እየመጣሁ ነው።

ከሁለት ዓመት በፊት ክፉ ጉንፋን ጥሏት ነበር። እሷ ከአልጋ ተነሣች፤ አፍንጫዋ ግን አብሯት አልተነሣም። ኮረሪማ ብታስጠጋለት፣ ያረረ ወጥ ብታስጠጋለት፣ ምንም። ለአንድም ሰው አልተናገረችም። ቅመም የሚወቅጥ ሰው አይሸተኝም ካለ መርካቶ ውስጥ ያለው ዕድሜ አንድ ሳምንት ነው፣ ይህን ደግሞ ከማንም በላይ እሷ ታውቃለች። ስለዚህ ቀለሙን በዓይኗ አይታ፣ መድቀቁን በጣቷ ዳብሳ፣ መጠኑን እንደ ድሮው በእፍኟ ሰፍራ ቀጠለች። ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ሰው ቅር አላለውም።

ከእሷ ቤት ፊት ለፊት ያለው ክፍል የብሩክ ነው። ብሩክ ሠላሳን ዘለል ያደረገ ወንደላጤ ሲሆን፣ የመርካቶ ሱቆችን ዕቃ በሞተር ሳይክል በየሰፈሩ ያደርሳል። ሞተሩን እንደ ሙሽራ ነው የሚንከባከበው። እሑድ እሑድ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ የግቢው ቧንቧ የእሱ ነው፤ ሌላው ባልዲውን ይዞ ይጠብቃል። ያለው ጣጣ የፊት ጎማው ነው። መንገዱ ሁሉ ተቆፍሮ ጭቃው፣ ሬንጁ፣ የማስቲካው ዓይነት ጎማው ላይ ይጋገራል። ጎማው መሬት ላይ እንደቆመ ልጠበው ቢሉ ደግሞ የላይኛው ግማሽ ብቻ ይጸዳል፤ የታችኛውን ለማግኘት ሞተሩን ሲገፉት የጸዳው ግማሽ ተመልሶ ጭቃ ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ብሩክ ዘዴ አለው። ሞተሩን ከሆዱ ሥር ባለው የብረት ማቆሚያ ያቆመዋል፣ ጓደኛው ናሆም የኋላውን ወንበር በሁለት እጁ ይጫናል፣ ፊቱ ብድግ ሲል ብሩክ ሞተሩ ሥር አንድ ነገር ይወትፋል። ከዚያ በኋላ ጎማው አየር ላይ ነው፣ በአንድ ጣት ይሽከረከራል።

ያ የሚወተፈው ነገር ነው ጉድ ያመጣው። በጥር ወር አንድ እሑድ ታንጉት ተክለ ሃይማኖት ለማስቀደስ ሄዳ ሳለ፣ ብሩክ ግቢውን ዞር ዞር ብሎ ሲያይ፣ ታጥቦ ፀሐይ ላይ የተደፋ ሙቀጫ አገኘ። ቁመቱ ልክ፣ ጥንካሬው ልክ። ለእሱ ግንድ ነው፤ ሠላሳ ዓመት ስንት ሠርግና ስንት ክርስትና እንዳለፈበት ምን አስጨነቀው! ሞተሩን ጫነበት። ጎማውንና ካቴናውን በቤንዚን አጠበ። የቆሸሸው ቤንዚን በሲሚንቶው ላይ ፈሶ በተደፋው ሙቀጫ አፍ ሥር ገባ፣ እንጨቱም ጠጣው። ሲጨርስ በጨርቅ ጠረግ ጠረግ አድርጎ ወደ ቦታው መለሰው። ለማንም ትንፍሽ አላለም።

ታንጉት በማግስቱ የሠርግ ትእዛዝ ወቀጠችበት።

በሳምንቱ የሠላሳ ዓመት ደንበኛዋ እትዬ አዲስዓለም ራሳቸው መጡ። በርበሬ ተራ ትልቅ ሱቅ ያላቸው፣ አንድ ነገር ከተናገሩ ተራው ሁሉ የሚቀበላቸው ሴት ናቸው። የተረፈውን መከለሻ ከነላስቲኩ ደጃፏ ላይ ጣሉት።

«ሠርግ ቤት ዶሮ ወጡ ጋራዥ ጋራዥ ሸተተ ተብሎ ተደፋ! ሙሽሮቹ ሳይገቡ! ስሜን ምን አደረግሽው ታንጉት? ምን ነክቶሽ ነው?»

ታንጉት ላስቲኩን አንሥታ ወደ አፍንጫዋ አስጠጋች። ምንም የለም። ግን እትዬ አዲስዓለም እያዩዋት ስለሆነ እንደ ሸተተው ሰው ፊቷን ጭምድድ አደረገች። ያቺ ጭምድድታ ከስድቡ ሁሉ በላይ አዋረደቻት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የሚያዝዛት ጠፋ። በርበሬ ተራ ስታልፍ ሰላምታው ሁሉ አጭር ሆነ።

ሙቀጫውን ገልብጣ ያየችው ያን ዕለት ከሰዓት ነው። ቂጡ ላይ ጥቁር የዘይት ክብ ነበር፣ መሃሉ ላይ ደግሞ ሁለት የቡሎን ራስ ታትሟል። ቀና ብላ የብሩክን ሞተር አየች። ተነሣች፣ ጎንበስ ብላ ከሥሩ ተመለከተች። ሁለት ቡሎን። ደሟ ፈላ።

ሌላ ሴት ብትሆን ያኔውኑ ግቢውን በጩኸት ትሞላው ነበር። ታንጉት ግን ዝም አለች። ብትጮህ ምን ይላል? «ይቅርታ እትዬ፣ ሳላውቅ ነው» ይላል፣ ሽማግሌ ይገባል፣ ያልቃል። የብሩክ ይቅርታ በርበሬ ተራ አይደርስም። እሷ የፈለገችው የገዛ አፉ እንዲናገር፣ የእትዬ አዲስዓለም ጆሮም እንዲሰማው ነው። ደግሞ ምን ይደበቃል፣ እንዲያመውም ፈልጋለች። ማታ ማታ ስትጸልይ ይህን ሐሳብ አውጣልኝ ትላለች፤ ጠዋት ስትነሣ ግን ሐሳቡ ከእሷ ቀድሞ ነቅቶ ይጠብቃታል።

ሙቀጫውን ወደ ቤት አስገባች። በሚቀጥለው እሑድ ብሩክ የለስላሳ ሣጥን ወተፈ፤ ሰኞ ዕለት ታንጉት ሣጥኑን ለቆራሌው ሰጠችው። በሚቀጥለው ብሎኬት አገኘ፤ ማክሰኞ ብሎኬቱ አልጋዋ ሥር ገባ። በሦስተኛው የጎረቤታቸውን የሀጅራን በርጩማ አነሣ፤ ታንጉት ሀጅራን ጠርታ «ቤንዚን ያጠጣልሻል» አለቻት፣ ሀጅራም በርጩማዋን ነጥቃ ገባች። ግቢው እንዲህ ተመንጥሮ ጸዳ። በአራተኛው እሑድ ደግሞ ናሆም ለቅሶ ደብረ ብርሃን ሄደ። ብሩክ ባልዲውን ይዞ ብቻውን ቆመ። ታንጉት ደጃፏ ላይ ተቀምጣ፣ ማንም ያላዘዛትን ኮረሪማ ትፈለፍላለች።

«እትዬ ታንጉት» አለ እየተቅለሰለሰ፣ «እንደው ካላስቸገርኩዎት፣ ከኋላ ወንበሩ ላይ ትንሽ ቁጭ ቢሉልኝ? የፊት ጎማውን ላጥብ ብዬ ነው። አምስት ደቂቃ!»

«እኔ? ሞተር ላይ?»

«አይንቀሳቀስም እኮ፣ ቆሞ ነው ያለው። ብቻ ክብደት ነው የሚፈልገው።»

«የኔ ይበቃል ብለህ ነው?»

ብሩክ ይህን እንዳይመልስ እግዜር አፉን ያዘለት። ታንጉት ነጠላዋን አጣፋች፣ ስልኳን ደረቷ ውስጥ ከተተች፣ ተቀምጣበት የነበረው በርጩማ ላይ ወጥታ እንደ በቅሎ ተቀመጠችበት። ኋላው ዝቅ፣ ፊቱ ብድግ አለ።

«መኪና የሚያነሣ ክሪክ ምን ያደርግልኛል!» ብሎ ሳቀ ብሩክ።

ሥራውን ጀመረ። ጎማውን በጣቱ እያሽከረከረ ኦሞ ለቀለቀው፣ ሬንጁን በሽቦ ብሩሽ ፋቀ፣ ቸርኬውን መስታወት እስኪመስል አሸው፣ የሽቦዎቹን መሃል አንድ በአንድ ጠረገ። እጁ ሥራ ያውቃል። ለጎማ ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ለሰው ሙቀጫ አለመጠንቀቁ ታንጉትን ይበልጥ አንጨረጨራት። በመጨረሻ ስፖንጁ ከእጁ አምልጦ ከጎማው ሥር ገባ። ብሩክ ጎንበስ ብሎ እጁን ሰደደ።

ታንጉት ከወንበሩ ትንሽ ብድግ አለች።

ጎማው ወርዶ እጁ ላይ አረፈ።

«ኧረ! እትዬ! እጄ! እጄ!»

«አውቃለሁ» አለች ታንጉት።

«ቁጭ ይበሉ! በማርያም ቁጭ ይበሉ!»

ግማሽ ቁጭ አለች። አጥንቱን የማይሰብር፣ እጁንም የማይለቅ ልክ አገኘችለት፤ ሠላሳ ዓመት ያለ ሚዛን የሰፈረ ሰው ይህን አያጣውም።

«ሙሉ በሙሉ ብነሣስ?»

«ይሰበራል!»

«እንግዲያው ረጋ ብለህ ስማኝ። በጥር፣ እኔ ቤተ ክርስቲያን ሳለሁ፣ ይህን ሞተር ምን ላይ ነው ያቆምከው?»

ብሩክ ቀና ብሎ አያት። ፊቱ ላይ ያለው ውሃ ይሁን ላብ አይለይም። ሀጅራ የምታሰጣውን ልብስ እንደያዘች ወጣች፣ ሌሎቹም በየበራቸው ብቅ አሉ። ልርዳው ያለ ሰው አልነበረም፤ እሑድ እሑድ በባልዲ ተሰልፈው ያሳለፉትን ጊዜ ሁሉም ያስታውሳል።

«ሙቀጫው ላይ» አለ ብሩክ በቀጭን ድምፅ።

«ቆይ፣ ለኔ አይደለም የምትናገረው።» ስልኳን አውጥታ ደወለች፣ ድምፁንም ለግቢው ሁሉ እንዲሰማ ከፈተችው። «እትዬ አዲስዓለም፣ ታንጉት ነኝ። አይዝጉብኝ። አንድ ሰው የሚነግርዎት ነገር አለ።»

ብሩክም ተናገረ። ሙቀጫውን ሳያስፈቅድ መውሰዱን፣ ቤንዚኑን፣ በጨርቅ ጠርጎ መመለሱን፣ ዝም ማለቱን። አንድ ነገር ሲያስቀር ታንጉት ወገቧን ትንሽ ከፍ ታደርጋለች፤ ያን ጊዜ ትዝ ይለዋል። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። ከጥር ጀምሮ እንዲህ ጥሩ አየር ሳንባዋ አልገባም ነበር።

«እሺ» አሉ እትዬ አዲስዓለም ልጁ ሲጨርስ። «ልጁ አጥፍቷል። ግን ታንጉት፣ ቤንዚን እኮ ነው! ያን ሁሉ ስትወቅጪ፣ አፍንጫሽ ሥር ሆኖ፣ አንቺ እንዴት አልሸተተሽም?»

ታንጉት ሣጥኑን አስባ ነበር፣ ብሎኬቱን አስባ ነበር፣ ይህን ግን አላሰበችም። ቁልቁል ስታይ ብሩክ እጁን እንኳ ረስቶ በዓይኑ እየመረመራት ነው፤ ነገሩ ሲገባው ፊቱ ላይ አየችው። የዚህን ልጅ አፍ ታውቀዋለች። እስከ ማታ ሰባተኛን፣ እስከ ነገ በርበሬ ተራን ያዳርሰዋል። ነገሩ ከሚወጣ ብትሞት ትመርጥ ነበር፤ ከወጣ ግን ከእሱ አፍ አይወጣም።

«አይሸተኝም» አለች። ድምፅዋ ለራሷም የሌላ ሰው መሰላት። «ሁለት ዓመቴ ነው እትዬ። ጉንፋኑ ወሰደው። ኮረሪማም አይሸተኝ፣ የሞተ አይጥም አይሸተኝ።»

ሀጅራ አፏን በእጇ ያዘች። ታንጉት በዚያ ሁሉ ዓይን ፊት፣ ሞተር ላይ ተቆናጥጣ፣ እንደዚያ ቀን አፍራ አታውቅም።

እትዬ አዲስዓለም ቀስ ብለው ጠየቁ።

«ሁለት ዓመት ሙሉ ሳታሸቺ ነው የሸጥሽልኝ?»

«ሁለት ዓመት ሙሉ። ከዚች ቤንዚን በቀር አንድ ቀን ጎድሎብዎት ያውቃል?»

እትዬ አዲስዓለም ለመዋሸት የሞከሩ ይመስላል፣ ግን አልሆነላቸውም። «አያውቅም» አሉ። ቀጥለውም ድምፃቸውን ጠንከር አደረጉ። «ከእንግዲህ ግን ሰው ሳያሸተው አልቀበልሽም። አዲስ ሙቀጫ ያስፈልግሻል፣ አፍንጫም ያስፈልግሻል። ማነው የሚያሸትልሽ?»

ሀጅራ «እኔ…» ልትል ስትጀምር ታንጉት በእጇ አስቆመቻት።

«ብሩክ» አለች።

«እኔ?» አለ ብሩክ። «እትዬ፣ ቅመም እኮ ያስነጥሰኛል! ደግሞ ሥራ አለብኝ፣ ጠዋት ጠዋት ዕቃ…»

ታንጉት ወገቧን ከፍ አደረገች።

«አሸታለሁ! አሸታለሁ!»

«ሙቀጫውንስ?» አሉ እትዬ አዲስዓለም ከስልኩ ውስጥ።

«እገዛለሁ! ወይራውን! በትከሻዬ ነው የማመጣው!»

«ሰምቻለሁ» አሉ እትዬ አዲስዓለም። «ለፋሲካ የሚሆነውን ጀምሪ።»

ታንጉት ስልኩን መልሳ ደረቷ ውስጥ ከተተችው። «በየጠዋቱ» አለችው ብሩክን፣ «ሞተርህን ሳትነካ፣ እጅህን በሳሙና ታጥበህ።» ከዚያ ነጠላዋን ሰብስባ ተደላድላ ተቀመጠች፣ ጎማውም ከእጁ ላይ ተነሣ።