ከሮብ ገበያ በላይ የተራቆተው ተዳፋት

ባለፈው ቅዳሜ ጎረቤቴ የግቢውን ግንብ ኖራ ሲቀባ ሽታው በመስኮት ገባ። ጉሮሮ የሚከረክር፣ ምላስ ላይ የሚቀር ሽታ ነው። ልብስ እያጠፍኩ ነበር፤ ተውኩትና ቆምኩ። ልቤ ጮቄ ተራራ ሥር ወዳለችው የሮብ ገበያ ከተማ ሄዶ ነበር።

ያኔ ደብረ ማርቆስ የዩኒቨርሲቲ የመጨረሻ ዓመት ተማሪ ነበርኩ፤ የምማረው ስለ አፈር ነው። ከሮብ ገበያ ከፍ ብሎ፣ ለመንገድ ሥራ ድንጋይ የወጣበት ተዳፋት ነበር። ሥራው ሲያልቅ ማሽኖቹ ሄዱ፤ መሬቱ ቆዳው እንደተገፈፈ ቀረ። ምን ሊበቅልበት እንደሚችል አፈሩን መርምሬ እንድናገር መምህሬ ላኩኝ።

ከተዳፋቱ ግርጌ አንድ ሽማግሌ ገበሬ ከወንድ ልጃቸው ጋር ይኖሩ ነበር። ሚስታቸው ሞታባቸዋለች፤ ያላቸው እሱ ብቻ ነው። በየክረምቱ ከላይ የሚወርደው ጭቃና ጠጠር ገብሳቸውን ይቀብረዋል። መጀመሪያ የነገሩኝ ግን ስለ ገብሱ አልነበረም።

«ዘንድሮም ማሳው ከተበላሸ ቆላ ወርጄ በቀን ሥራ እኖራለሁ ብሎኛል» አሉኝ፣ ልጁ እየሰማ። «እንግዲህ ቶሎ በይልኝ፣ ልጄ።»

ልጁ ቀና አላለም። በዕድሜ እኩያዬ ነበር። አብረን ከየቦታው አፈር እየቆፈርን በፌስታል ቋጠርን። ከተፈለጠው ድንጋይ የሚመለሰው ፀሐይ ዓይን ያማል። ከሰዓት በኋላ ጮቄ ላይ ደመና ይቆለላል፣ ነጎድጓዱ ከሩቅ ያጉረመርማል፣ ዝናቡ ግን አይመጣም። እኔም ውስጤ እንደዚያ ነበር። ትምህርቱ ሊያልቅ ነው፤ የት እንደምሄድ ሳላውቅ መሄድ ብቻ ነበር የምፈልገው።

«ስትመረቂ እዚህ ትቀሪያለሽ?» አለኝ፣ ዶማውን ሳያቆም።

«አልቀርም።»

«ታዲያ እኔ ሲሆን ለምን ይገርማችኋል?»

የሞላውን ፌስታል ቋጥሬ ሌላ ዘረጋሁ።

አፈሩን ደብረ ማርቆስ አድርሼ ውጤቱን መጠበቅ ከቁፋሮው የባሰ ሆነብኝ። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው ይቆማል። እኔ በላቦራቶሪው በር እመላለሳለሁ፣ አባትየው ደግሞ ጠዋት ጠዋት በጎረቤት ስልክ ይደውላሉ።

«ውጤቱ አልደረሰም?»

«ነገ ይደርሳል፣ አባባ።»

«ደመናው ግን ደርሷል።»

በመጨረሻ ደረሰ። ድንጋይ ከወጣበት ቦታ ያነሳነው አፈር በጣም አሲዳማ ነበር፤ ችግኝ አይይዝም። ከጠርዙ፣ እሾህ ከወረሰው ክምር ያነሳነው ግን ጥቁርና ሕያው ሆኖ ተገኘ። ማሽኑ ሥራ ሲጀምር ገፎ ወደ ዳር የጣለው የላይኛው አፈር ነበር። እሱን መልሰን ብናለብሰው፣ ኖራ ብንቀላቅልበት፣ ዛፉን ለሌላ ዓመት ትተን እርከን ላይ በሚተከለው በደሾ ሣር ብንጀምር ተስፋ አለው። በዚያው ቀን የሮብ ገበያ ሚኒባስ ተሳፈርኩ።

«ሣር ብቻ?» አሉኝ ሽማግሌው። የጠበቁት ዛፍ ነበር። «ሣር ጎርፍ ያቆማል?»

«ሥሩ ያቆመዋል» አልኳቸው። ከመጽሐፍ እንጂ በዓይኔ አይቼው አላውቅም ነበር። ትንሽ አዩኝና ደቦ ሊጠሩ ወጡ።

መንደሩ ተሰብስቦ ክምሩን ናደው። ዘንቢልና ጆንያ ያልያዘ አልነበረም። የኖራው ብናኝ ቅንድባችንን አነጣው፤ ሁላችንም በአንድ ቀን ያረጀን መሰልን። ልጁ ውሃ እንኳ ለመጠጣት አልቆመም፤ የሚያሳድደው ነገር ያለ ይመስል ነበር። ሣሩን ተክለን ሳንጨርስ ዝናቡ ወረደ። ማንም ወደ ቤት አልሮጠም፤ ውሃው የት እንደሚሄድ ቆመን አየን። አንዳንዱ ቦታ ሲሸረሸር ልጁ እየተንሸራተተ በድንጋይ ያግደው ነበር። ጭቃው ማሳው ጠርዝ ደርሶ ቆመ።

ተመረቅሁና ሄድኩ። መስከረም ላይ አባትየው ደወሉልኝ።

«ያዘ፣ ልጄ። ሣሩ ያዘ። ገብሱም ተረፈ።»

«ልጅዎ ደስ ብሎታላ?»

በስልኩ ውስጥ የሰው ሁካታ ይሰማኛል።

«እሱስ ሄደ» አሉ። «መስቀልን እንኳ አልቆየም።»

ማሳው ከዳነ ይቀራል ብለን ነበር፤ እሳቸውም፣ እኔም።

አምና ለሥራ በዚያ በኩል ሳልፍ ከመኪናው ወረድኩ። ተዳፋቱ አረንጓዴ ለብሷል፤ በመሐሉ አምጃ ቁጥቋጦ ማንም ሳይተክለው ወጥቷል። ሽማግሌው በማጭድ ሣር እያጨዱ ነበር። አቅፈው ሳሙኝና ካጨዱት ላይ አስቀመጡኝ።

«አሁንም አፈር ነው የምትመረምሪው?»

«አዎ፣ አባባ።»

መሬቱ ወደ ቆላ የሚያዘቀዝቅበትን አቅጣጫ ተመለከቱ።

«እሱ ያለበት አገር አፈሩ እንዴት ነው? የበቀለበትን ይይዛል?»

«ደግ አፈር ነው» አልኳቸው። «ይይዛል።»

እዚያ ደርሼ አላውቅም።